ዊሊያም ሲሊ ጎሴት

ዊሊያም ሲሊ ጎሴት (ሰኔ 7 ቀን 1868 – ጥቅምት 6 ቀን 1930 ዓ.ም.፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከጁን 13 ቀን 1876 እስከ ኦክቶበር 16 ቀን 1937) እንግሊዛዊ ኬሚስት፣ ቢራ ጠማቂና የስታቲስቲክስ ሊቅ ነበረ። ጽሑፎቹን ሁሉ ማለት ይቻላል ያሳተመው «ስቱደንት» (ተማሪ) በሚል የብዕር ስም ስለሆነ፣ ከእውነተኛ ስሙ ይልቅ የብዕር ስሙ ይታወቃል። የስቱደንት ቲ ስርጭትና የቲ ፈተና የሚባሉት የእርሱ ሥራዎች ናቸው። ዛሬ እንደ አር ባሉ ነጻ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ውስጥ በብዛት ከሚጠሩት ትእዛዞች አንዱ የቲ ፈተና ነው፤ በመድኃኒት ሙከራ፣ በትምህርት ጥናትም ሆነ በወረታ ዙሪያ በሚካሄድ የሩዝ ዝርያ ንጽጽር ላይ ይሠራበታል።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ጎሴት የተወለደው በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ በምትገኘው በካንተርበሪ ከተማ ነው። አባቱ ኮሎኔል ፍሬድሪክ ጎሴት የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ ነበረ፤ እናቱ አግነስ ሲሊ ቪዳል ትባል ነበር። የአባቱ ወገን በሃይማኖት ስደት ምክንያት ከፈረንሳይ ከወጡ ፕሮቴስታንቶች የመጣ ነው። ጎሴት በዊንቸስተር ኮሌጅ ከተማረ በኋላ ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኒው ኮሌጅ ገባ። እዚያም በ1897 በሒሳብ፣ በ1899 ደግሞ በኬሚስትሪ በአንደኛ ማዕረግ ፈተናውን አለፈ። ሁለቱን ትምህርቶች አንድ ላይ መያዙ በኋላ ለገባበት ሥራ በጣም ጠቀመው።

በቢራ ፋብሪካው

በ1899 ጎሴት በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን በሚገኘው በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። ጊነስ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ ቢራ ፋብሪካዎች አንዱ ነበር። ድርጅቱ ጠመቃን በልማድ ብቻ ከመምራት ይልቅ በሳይንስ ለማሻሻል አስቦ፣ ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ የወጡ ወጣት ምሩቃንን ይቀጥር ነበር።

ቢራ ከገብስ ብቅል፣ ከእርሾና ሆፕ ከሚባል ተክል ይጠመቃል፤ የሆፕ ሥራ ጌሾ በጠላ ውስጥ ከሚሠራው ጋር ይቀራረባል። ጠላ ጠምቆ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ያው ብቅልና ያው ጌሾ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መጠጥ አይሰጡም። ገብሱ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ፣ እርሾው ስንት እንደሆነ፣ ሙቀቱ ምን ያህል እንደነበረ ውጤቱን ይለውጠዋል። በትንሽ ጋን ሲሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው። በጊነስ መጠን ሲሆን ግን የገብስ ዝርያን በስህተት መምረጥ ከፍተኛ ኪሳራ ያመጣ ነበር።

ችግሩ የሙከራዎቹ ቁጥር ማነስ ነበር። አንድን የገብስ ዝርያ በአራት ማሳ ዘርቶ ለማየት አንድ ሙሉ ዓመት ያስፈልጋል። በጊዜው የነበረው የስታቲስቲክስ ስሌት ደግሞ የተሠራው በመቶዎችና በሺዎች ለሚቆጠሩ ልኬቶች ነበር። ከአራት ወይም ከአሥር ልኬት የተገኘ አማካይ ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል የሚናገር ዘዴ አልነበረም። ጎሴት በ1904 ይህንኑ ጉዳይ የሚመለከት የውስጥ ዘገባ ለድርጅቱ አቀረበ። በ1905 በዘመኑ የስታቲስቲክስ ዋና መምህር የነበረውን ካርል ፒርሰንን አግኝቶ አማከረ፤ ከ1906 እስከ 1907 ድረስም ድርጅቱ ወደ ለንደን ልኮት በፒርሰን ቤተ ሙከራ ሠራ። በ1906 ማርጆሪ ሰርቲስ ፊልፖትስን አገባ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ።

ፒርሰን የትናንሽ ናሙናዎች ጥያቄ ያን ያህል አላሳሰበውም። እርሱ የሚሠራው በሺህ በሚቆጠሩ የሰው ቁመቶችና የራስ ቅል ልኬቶች ስለነበረ፣ አራት ልኬት ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ለእርሱ እንግዳ ነበር። ጎሴት ግን ምርጫ አልነበረውም።

የመጀመሪያው ጽሑፉ በ1907 ባዮሜትሪካ በተባለው መጽሔት ወጣ። ርዕሱ እርሾን በአጉሊ መነጽር መቁጠር ነበር። ጠማቂው ወደ ጋኑ የሚገባውን የእርሾ መጠን ለማወቅ ከፈሳሹ ጠብታ ወስዶ፣ በ400 ትናንሽ አራት ማዕዘኖች በተከፈለ መስታወት ላይ አድርጎ ሕዋሳቱን ይቆጥራል። ጎሴት በየአራት ማዕዘኑ የሚገኘው ቁጥር ዛሬ የፖይሰን ስርጭት የሚባለውን እንደሚከተል አሳየ። ስለዚህ ጠማቂው ስንት ሕዋስ ቢቆጥር ስህተቱ ምን ያህል እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ይችላል።

የብዕር ስሙ

ጊነስ ሠራተኞቹ የምርምር ውጤት እንዲያሳትሙ አይፈልግም ነበር። የፋብሪካው ምስጢር ለተወዳዳሪዎች እንዳይወጣ ይፈራ ነበር። በመጨረሻ የተፈቀደው የድርጅቱ ስም ሳይጠቀስ፣ የድርጅቱ መረጃ ሳይወጣና ጸሐፊው በእውነተኛ ስሙ ሳይጠራ ከሆነ ነው። ጎሴት «ስቱደንት» የሚለውን መረጠ። ሌሎች የጊነስ ባልደረቦችም በኋላ በተመሳሳይ ሁኔታ በብዕር ስም ጽፈዋል። በዚህ ምክንያት ዘዴውን በየቀኑ ይጠቀሙ ከነበሩት ተመራማሪዎች ብዙዎቹ ጸሐፊው ቢራ ጠማቂ መሆኑን ሳያውቁ ኖረዋል። ዛሬም ቢሆን የስቱደንት ፈተና ሲባል ስለ ተማሪዎች የሚሰጥ ፈተና የሚመስለው ሰው አይጠፋም።

የ1908ቱ ጽሑፍ

ጎሴትን ያስታወሰው ሥራ በመጋቢት 1908 በባዮሜትሪካ የወጣው ስለ አማካይ ስህተት የሚናገረው ጽሑፍ ነው። ጥያቄው ሲታይ ቀላል ነው። ጥቂት ልኬቶች ብቻ ካሉን፣ አማካዩ ከእውነተኛው ዋጋ ምን ያህል ሊርቅ ይችላል? የቀድሞው ዘዴ የልኬቶቹን መለያየት ከናሙናው ራሱ አስልቶ፣ ያንን ግምት ልክ እንደ እውነተኛ ቁጥር ይወስደው ነበር። ናሙናው ትልቅ ሲሆን ይህ አይጎዳም። ናሙናው አራት ሲሆን ግን የመለያየቱ ግምት ራሱ ይዋዥቃል፤ ስለዚህ ተመራማሪው ከሚገባው በላይ እርግጠኛ ይሆናል።

በፎገራ ሜዳ ላይ የተደረገ ሙከራ ብናስብ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ነው። አንድ ተመራማሪ ሁለት የሩዝ ዝርያዎችን በአራት ቦታዎች ጎን ለጎን ዘርቶ፣ አዲሱ ከነባሩ በሄክታር 6፣ 1፣ 8 እና 1 ኩንታል በለጠ እንበል። (ቁጥሮቹ ለማስረጃ የተሰጡ ምሳሌዎች ናቸው።) አማካይ ብልጫው 4 ኩንታል ነው። የቁጥሮቹ መደበኛ ልይይት 3.56 ገደማ ሲሆን፣ ይህ በ4 ስኩዌር ሩት ማለትም በ2 ሲካፈል 1.78 ይሆናል። 4 ለ1.78 ሲካፈል 2.25 ያህል ይመጣል። በቀድሞው ዘዴ፣ ከ1.96 የሚበልጥ ውጤት በአጋጣሚ የመጣ ለመሆኑ ያለው ዕድል ከ100 ከ5 ያነሰ ስለሆነ፣ አዲሱ ዝርያ ይሻላል ተብሎ ይወሰናል። በጎሴት ሠንጠረዥ ግን ለአራት ልኬት የሚፈለገው ወሰን 3.18 ነው። 2.25 ከዚያ በታች ስለሆነ መረጃው ለመወሰን አይበቃም። እውነተኛው ልዩነት በሄክታር ከ1.7 ኩንታል ኪሳራ እስከ 9.7 ኩንታል ትርፍ ባለው መካከል ሊሆን ይችላል። በዚህ ውጤት ተማምኖ ዘሩን የሚቀይር ገበሬ በአንድ ክረምት አዝመራው ይቀልዳል። ልኬቶቹ አሥር ቢሆኑ ወሰኑ ወደ 2.26 ይወርዳል፤ ሲበዙም ቀስ በቀስ ወደ 1.96 ይጠጋል።

ጎሴት ቀመሩን ያገኘው ሙሉ በሙሉ በሒሳብ ማረጋገጫ አልነበረም፤ የተወሰነው ክፍል ብልህ ግምት ነበር። ግምቱን ለመፈተን ያደረገው ነገር ለዛሬ የኮምፒውተር ተማሪ በጣም የታወቀ ነው። በእንግሊዝ ወህኒ ቤቶች የተለካ የ3,000 እስረኞች ቁመትና የግራ እጅ መካከለኛ ጣት ርዝመት በጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ጎሴት እነዚህን ልኬቶች በ3,000 ካርዶች ላይ ጻፈ፣ ካርዶቹን በደንብ በወዘ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እያወጣ አራት አራት አድርጎ 750 ናሙናዎችን ሠራ። የእያንዳንዱን አማካይና መለያየት በእጁ አስልቶ ከቀመሩ ጋር ሲያነጻጽር ተቀራረበለት። ዛሬ ሲሙሌሽን የሚባለው ዘዴ ይኸው ነው። በአር ቋንቋ ይህን መድገም ጥቂት መስመር ኮድና ከሰኮንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል።

በዚያው ጽሑፍ ውስጥ እንደ ምሳሌ የተጠቀመው ስለ እንቅልፍ መድኃኒት የተሠራ ሙከራ ነው። አሥር ታካሚዎች ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶችን በተራ ወስደው፣ እያንዳንዳቸው ስንት ሰዓት ተጨማሪ እንቅልፍ እንዳገኙ ተመዘገበ። በመጀመሪያው መድኃኒት አማካይ ጭማሪው 0.75 ሰዓት፣ በሁለተኛው 2.33 ሰዓት ነበር።

ከፊሸር ጋር

ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ለዓመታት ብዙ ሰው አላስተዋለውም። በ1912 ገና የካምብሪጅ ተማሪ የነበረው ሮናልድ ፊሸር ለጎሴት ደብዳቤ ጻፈለት። ፊሸር ጎሴት የገመተውን ቀመር በብዙ አቅጣጫ ጂኦሜትሪ አረጋግጦ ነበር። ጎሴት ማረጋገጫውን በሚገባ መከታተል ስላቃተው ለፒርሰን ላከው። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ ለሩብ ክፍለ ዘመን ያህል ተጻጻፉ። የጎሴት የመጀመሪያ ቀመር ዜድ በሚባል ቁጥር የተጻፈ ነበር፤ ዛሬ የምናውቀው ቲ በ1920ዎቹ ከፊሸር ጋር በተሠራው ሥራ የመጣ ነው። ፊሸር በ1925 ለተመራማሪዎች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ፈተናውን ሲያካትተው ዘዴው በዓለም ተሰራጨ።

ፒርሰንና ፊሸር የማይታረቁ ባላንጣዎች ነበሩ። ጎሴት ግን በትሕትናውና በጨዋነቱ ከሁለቱም ጋር ወዳጅነቱን ጠብቆ መኖር ችሏል፤ በዚያ ዘመን ይህን የቻለ ሰው ጥቂት ነው።

የማሳ ሙከራዎች

ጎሴት ከአየርላንድ የግብርና መሥሪያ ቤት ጋር በገብስ ዝርያ ሙከራ ላይ ለረጅም ዓመታት ሠርቷል፤ በ1923 ስለ እህል ዝርያዎች አፈታተን ሰፊ ጽሑፍ አሳተመ። ዋናው ሐሳቡ የሚነጻጸሩትን ዝርያዎች እጅግ ማቀራረብ ነው። መሬት አንድ ወጥ አይደለም። በፎገራ ወደ ወንዙ የቀረበው መደብ ውኃ ሲተኛበት ጥቂት ራቅ ያለው ሊደርቅ ይችላል፤ በአየርላንድም የማሳው አንድ ጫፍ ከሌላው ይለያል። ሁለቱ ዝርያዎች ጎን ለጎን ከሆኑ የመሬቱ ልዩነት ሁለቱንም እኩል ይነካል፤ ብልጫው ብቻ ይቀራል።

በ1930ዎቹ በዚህ ጉዳይ ከፊሸር ጋር ተከራከረ። ፊሸር መደቦቹ በዕጣ መደልደል አለባቸው፣ ያለ ዕጣ የስህተቱ ስሌት አይታመንም ይል ነበር። ጎሴት ደግሞ መሬቱን የሚያውቅ ሰው ዝርያዎቹን በሚዛን ተራ በተራ ቢደረድራቸው፣ ዕጣ በአጋጣሚ ከሚያመጣው መጥፎ አሰላለፍ ይሻላል ብሎ ያምን ነበር። በዚህ ርዕስ ላይ የጻፈው የመጨረሻ ጽሑፍ የታተመው ከሞተ በኋላ ነው። አብዛኛው ዓለም የፊሸርን መንገድ ተከተለ። ማሳውን በተመሳሳይ ብሎኮች ከፍሎ፣ በየብሎኩ ውስጥ ዕጣ ማውጣት የተለመደ ሆኗል። ብሎኩ ግን የጎሴትን ማቀራረብ ይዞ የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ ጎሴት ሙሉ በሙሉ ተሸነፈ ማለት አይቻልም።

የላናርክሺር ወተት

ከጎሴት ጽሑፎች ሁሉ ያለ ሒሳብ ሊነበብ የሚችለው በ1931 የወጣው የላናርክሺር የወተት ሙከራ ትችት ነው። በ1930 በስኮትላንድ ላናርክሺር በ67 ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 20,000 ያህል ልጆች ለአራት ወራት ተከታትለው ተለኩ። 5,000ዎቹ ጥሬ ወተት፣ 5,000ዎቹ በሙቀት የተጠበቀ ወተት በየቀኑ ተሰጣቸው፤ 10,000ዎቹ ለንጽጽር ምንም አልተሰጣቸውም። ሙከራው ትልቅና ውድ ነበር፤ ጎሴት ግን ትልቅነቱ እንዳላዳነው አሳየ።

ልጆቹ መጀመሪያ የተመረጡት በዕጣ ወይም በፊደል ተራ ነበር። ሆኖም አንዱ ቡድን በጣም የጠገቡ ወይም በጣም የተራቡ ልጆች ከበዙበት መምህራኑ እንዲያስተካክሉ ተፈቀደላቸው። መምህራኑ አዘኑ፤ ሳያስቡት ወተቱን ለደኻና ለከሱ ልጆች ሰጡ። ሙከራው ሲጀመር ወተት የማያገኙት ልጆች በክብደትም በቁመትም የሚበልጡት በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ ልጆቹ በየካቲት በክረምት ልብስ፣ በሰኔ በበጋ ልብስ ተመዘኑ። የሀብታም ልጅ ከባድ የክረምት ልብሱን ሲያወልቅ ክብደት ይቀንሳል፤ የደኻው ልጅ ግን የሚያወልቀው ብዙ ልብስ የለውም። ስለዚህ ከወተቱ የተገኘ የሚመስለው ጭማሪ ከፊሉ የልብስ ልዩነት ነበር። ጎሴት በምትኩ ያቀረበው ሐሳብ ጥቂት መንትዮችን መውሰድ ነው። ከሁለቱ አንዱ አንዱን ዓይነት ወተት፣ ሌላው ሌላውን ቢጠጣ፣ በትንሽ ወጪ የበለጠ አስተማማኝ መልስ ይገኛል አለ። ልጆችን ስለመመገብ ውሳኔ የሚሰጡ ሰዎች የሚያዩት እንዲህ ያለውን ቁጥር ስለሆነ፣ ትችቱ ለምሁራን ብቻ የሚሆን አልነበረም።

የመጨረሻ ዓመታት

ጎሴት ፍራፍሬ ማልማት፣ አናጢነት፣ ጀልባ መሥራትና ዓሣ ማስገር ይወድ ነበር። በ1935 ጊነስ በለንደን ፓርክ ሮያል ለከፈተው አዲስ ፋብሪካ ኃላፊ ሆኖ ከደብሊን ወጣ። በ1937 የድርጅቱ ዋና ጠማቂ ሆነ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በ61 ዓመቱ ቢከንስፊልድ በምትባል ከተማ በልብ ሕመም ሞተ።

በነጻ ሶፍትዌር ውስጥ

ጎሴት ሠንጠረዦቹን ያወጣው በብዙ ወራት ስሌት ነው፤ በኋላም ለዐሥርት ዓመታት ተማሪዎች ወሰኑን ከመጽሐፍ ጀርባ ይፈልጉ ነበር። የሶፍትዌር ዘመን ሲመጣ ሠንጠረዡ ቀረ፤ ግን ክፍያ መጣ። በኢትዮጵያ የግብርና ምርምር የተለመዱት ኤስ ኤ ኤስ፣ ኤስ ፒ ኤስ ኤስና ጄንስታት ፈቃዳቸው በገንዘብ የሚገዛ ነው። ፈቃድ በሌለው ኮምፒውተር ላይ የተጻፈውን ትንታኔ በዚያው ሶፍትዌር ማስኬድ አይቻልም።

አር የተባለው ቋንቋ የተጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጄንትልማን ነው። የተመሠረተው ጆን ቻምበርስና ባልደረቦቹ በቤል ላብራቶሪ በሠሩት ኤስ በሚባል ቋንቋ ላይ ነው። በ1995 በነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ተለቀቀ፤ 1.0.0 የተባለው እትም የወጣው በፌብሩዋሪ 29 ቀን 2000 ነው። ኮዱን ማንም ማንበብ፣ መቅዳትና መለወጥ ይችላል። በፍላሽ ተገልብጦ ኢንተርኔት በሌለበት ኮምፒውተር ላይም ይሠራል፤ ይህ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ትንሽ ነገር አይደለም። ከፔሩ የመጣው አግሪኮሌ የተባለው ፓኬጅ ለማሳ ሙከራ ዕጣ ያወጣል፣ ውጤቱንም ይተነትናል፤ ጂጂፕሎት 2 ደግሞ ቁጥሩን ወደ ሥዕል ይለውጣል። ለፓይተን ተጠቃሚዎች ሳይፓይ፣ ኮድ መጻፍ ለማይፈልጉ ፒ ኤስ ፒ ፒና ጃሞቪ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። በሁሉም ውስጥ የቲ ፈተና አለ።

ይህ ለወረታ በቀጥታ ይመለከታል። ከተማዋ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ የምትገኝ ስትሆን የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል መቀመጫ ናት። በከብት ዝርያው ይታወቅ በነበረው ሜዳ ላይ ሩዝ የተስፋፋው ባለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ነው፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያም ለረጅም ጊዜ የገበሬው ዋና ዘር ሆኖ ቆይቷል። አዲስ ዝርያ እርሱን ይበልጣል ለማለት ሦስትና አራት ድግግሞሽ ባላቸው መደቦች ላይ መፍረድ ያስፈልጋል፤ የጎሴት ጥያቄም ይኸው ነበር።

የሶፍትዌሩ ትእዛዝ አንድ መስመር ቢሆንም ከኋላው የሚደረጉ ውሳኔዎች አሉ። አር ሁለት ቡድኖችን እንዲያነጻጽር ሲታዘዝ፣ ሌላ ነገር ካልተነገረው በቀር የሚጠቀመው የጎሴትን ዘዴ እንዳለ ሳይሆን፣ የሁለቱ ቡድኖች መለያየት እኩል ባይሆንም የሚሠራውን በበርናርድ ዌልች የተሻሻለውን ነው። የጎሴት የአሥሩ ታካሚዎች የእንቅልፍ መረጃም ከአር ጋር አብሮ ይመጣል፤ ስሙ እንቅልፍ የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ነው። መረጃው ሁለት የማይገናኙ ቡድኖች እንደሆኑ ተደርጎ ከተፈተነ የአጋጣሚው ዕድል 0.079 ይመጣል፤ በተለመደው የ0.05 ወሰን ልዩነት አልታየም ይባላል። እያንዳንዱ ታካሚ ከራሱ ጋር ሲነጻጸር ግን፣ ጎሴት እንዳደረገው፣ ዕድሉ 0.0028 ይሆናል። ቁጥሮቹ ሃያዎቹም ያው ናቸው። የሶፍትዌሩ ማብራሪያ ሰንጠረዡ ውስጥ ቡድን የሚለው የዓምድ ስም ሊያሳስት እንደሚችል፣ የተለኩት አሥር ሰዎች መሆናቸውን ጽፎ ያስጠነቅቃል። በ2024 ከወጣው 4.4.0 እትም ጀምሮም ጥንድ መረጃን በቡድን ቀመር ጽፎ የጥንድ ፈተና መጠየቅ ተከልክሏል፤ ተጠቃሚው የትኛው ልኬት ከየትኛው ጋር እንደሚጣመር ራሱ ለይቶ መጻፍ አለበት።